ወንበሩ ሞቋል

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ጅማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ «ከትናንት ማታ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም» የተባለ ነጭ ሃያስ ሚኒባስ አጠገብ ቆሜያለሁ። ባለቤቱ ጋቢውን እንደተከናነበ ዓይኑን ያሻል። ደላላው ከባለቤቱ ብሶ ያዛጋል። የሃያስ ሞተር የሚተኛው ከፊተኛው ወንበር ሥር መሆኑን ታክሲ የለመደ ሁሉ በመቀመጫው ያውቀዋል። ስለዚህ ምንም ሳልናገር ገብቼ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሞቋል። እንግዳ ተነሥቶ ገና ሙቀቱ እንዳልለቀቀው መደብ ሞቋል።

«አስነሥታችሁታል እንዴ?»

«ኧረ ወላሂ! ፀሐይ መትቶት ይሆናል እንጂ» አለ ደላላው፣ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት።

ወሩ ነሐሴ ነበር። የጅማን ነሐሴ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ሰዓት የትኛዋ ፀሐይ ወጥታ የትኛውን ወንበር እንደምትመታ ይንገረኝ።

የናፍጣ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ጠዋት በብርድ ሲቀሰቅሱት ነው። ፋሻው ያለቀ፣ ማሞቂያ ካንዴላው የደከመ፣ ፖምፓው ያረጀ ሞተር በዚያ ሰዓት ያስላል፣ ያጨሳል፣ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ከሞቀ በኋላ ግን ሁሉም ጎበዝ ነው። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ገዢ ከመድረሱ በፊት አሙቆ፣ ጭሱን በትኖ፣ አጥፍቶ ይጠብቃል። በስድስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ መኪና አየሁ። ዘጠኙ ሞቀው ነው የጠበቁኝ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ጭራሹን ሞተር አልነበረውም፤ «ለጥገና ወርዶ ነው፣ ሌላ ቤት ተቀምጧል» አሉኝ። ሁለተኛውን ገዛሁት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ የሰቃ ሰው ነኝ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ያገኘናል፤ ከእኛ ወዲያ በለጤ ደን፣ ሸቤ፣ ጎጀብ እያለ መንገዱ ይቀጥላል። ሥራዬ ገበያ ለገበያ መዞር ነው። ብርድ ልብስ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ክረምት ሲገባ የፕላስቲክ ቦት ጫማ። ሐሙስ ሐሙስ ጅማ ሂርማታ ነኝ፤ ሌላውን ቀን እንደየከተማው ገበያ እውላለሁ። በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ብር ያለው ገጠር ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን አስረክቦ ጥሬ ብር ይዞ ሲመለስ መንገዱ ላይ መገኘት አለብኝ። በዚያ ሰሞን ቤቴ አላድርም፤ መኪና ውስጥ ነው የማድረው። ከሾፌሩ ኋላ ሸቀጥ፣ ሸቀጡ ላይ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቡታጋዝና ጀበና። ሱቄም፣ መጋዘኔም፣ መኝታ ቤቴም እሱ ነው። የሌላው ሰው መኪና ቢያፈስ ልብሱ ይረጥብበታል፤ የእኔ ሲያፈስ ሱቁም አልጋውም አብሮ ይረጥባል። የቀድሞዋ መኪናዬ ባለፈው ዓመት «በቃኝ» ስትል ነው ወደ ገዢነት የወጣሁት። ወጣሁ ከማለት ገባሁበት ማለቱ ይሻላል።

ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። እኛ ጋ ሲያረጅ ይከበራል። ነገሩ የሚጀምረው ከጃፓን ነው። እዚያ የግል መኪና በሦስተኛው ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ «ሻከን» የሚባል ጥብቅ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ የጭነት ቫን ደግሞ ከዚያም ባጠረ ጊዜ ይመላለሳል። ምርመራው ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ብዙው ጃፓናዊ ለአሮጌ መኪና ያንን ሁሉ ከሚከፍል ሸጦት ሌላ ይገዛል። እነሱ ምርመራ ሰልችቷቸው የጣሉትን እኛ ሳናስመረምር እንገዛዋለን ማለት ነው። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኛ ደግሞ በቀኝ ነው የምንነዳው። ስለዚህ ብዙዎቹ ዱባይ ላይ ወርደው መሪያቸው ይዞራል። በወግ የዞረ አለ፤ በሽቦ ታስሮ የዞረም አለ። የዞረውን ለመለየት የዝናብ መጥረጊያውን ማየት ነው። መሪውን አዙረው መጥረጊያውን የረሱት እንደሆነ፣ የሚጸዳው የጎረቤቱ መስታወት ነው፤ ሾፌሩ የራሱን ጥግ በእጅጌው ይጠርጋል።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ያገለገለ መኪና ሲገባ ዕድሜው እየተቆጠረ ይከፈልበት ጀመር፤ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆነው እስከ 500 በመቶ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በቀናት ውስጥ መቶውን አለፈ። እነዚህን ውሳኔዎች የምጠቅሰው ልከራከርባቸው አይደለም። መኪና ያለው ሰው ሁሉ ግን ከዚያ ወዲህ በር ላይ የቆመችውን ቆርቆሮ እንደ ርስት ነው የሚያያት። «ስንት ትላለህ?» ብዬ ስጠይቅ ዋጋውን በብር አይነግረኝም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «አሁን እኮ አይገባም» ይላል። አንድ ሻጭ፣ ጎማው የሞተ፣ በሩ በገመድ የታሰረ ሃያስ አጠገብ ቆሞ ይህንኑ ሲለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

ደላላ ስትይዝ መጀመሪያ የሚጠይቅህ «አባዱላ ወይስ ዶልፊን?» ብሎ ነው። አባዱላ የምንለው ኋላ የመጣውን ነው፤ ቱ ኬዲ የሚሉት 2.5 ሊትር ሞተር ያለው፣ ናፍጣውን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ። ዶልፊን የድሮው ነው፤ ፋይቭ ኤል፣ ሦስት ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ዳገት ላይ በሬ የሆነ፣ ግን ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው። እኔ ዶልፊን ነበር የምፈልገው። የቱ ኬዲ አፍንጫ ንጹሕ ናፍጣ ይወዳል፤ እኛ ደግሞ ማደያው ሲደርቅ ከጀሪካን ነው የምንቀዳው። ጀሪካኑ ውስጥ ናፍጣ፣ ትንሽ ላምባ፣ ትንሽ ውሃ፣ አንዳንዴም ቅጠል ይኖራል። ፋይቭ ኤል ይህን ሁሉ ጠጥቶ ያጉረመርማል እንጂ ሥራ አያቆምም። በዚህ እንመሳሰላለን።

ስድስት ወር ሙሉ በደላላ ጀርባ መዞር ምን ያስተምራል? አንደኛ፣ የዘይት ክዳን። ሞተሩ እየሠራ ክዳኑን ፈትተህ በቦታው ላይ ገልብጠህ ታስቀምጠዋለህ። ዝም ብሎ ከተቀመጠ እግዚአብሔር ይመስገን። እስክስታ ከመታ ፋሻው አልቋል፤ ግፊቱ ወደ ታች እያመለጠ ነው። የክዳኑ ሆድ ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ካየህ ደግሞ ውሃና ዘይት ተጋብተዋል፤ ሠርጉን የምትደግሰው አንተ ነህ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ፖምፓውን ወይም አፍንጫውን ጠርጥር። ሻጩ ግን ይህንንም ቀድሞህ ያውቀዋል፤ ሰማያዊውን ጭስ ለሁለት ቀን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት ይሞላበታል። እኔ ዘይቱን በጣቶቼ መሃል ማሸት የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ማር የሚመስል ዘይት ካገኘህ «ቆይ መጣሁ» ብለህ ሂድ።

ሁለተኛ፣ ማግኔት። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ የፈታሁት ማግኔት አለኝ፤ በካልሲ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ አኖረዋለሁ። ቀለሙ የሚያብለጨልጭ መኪና ሳይ የጎኑን ቆርቆሮ በእሱ አስሳለሁ። ብረት ከሆነ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። አንድ ቀን ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ቦታ አራት ጊዜ ብሞክር አራቴም ወደቀ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ አነሣልኝና አገላብጦ አየው። «ጋሼ፣ ማግኔትህ ደክሟል» አለኝ። ከልቡ ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

ዝገቱ የራሱ እሮሮ አለው። አገራችን ዝናብ አይጠፋባትም፤ ቡናው የሚያምርብን በዚያ ነው፤ መኪናው የሚበላሽብንም በዚያው ነው። ላይኛው ቀለም አዲስ ነው፤ ሻንሲው ሥር ጥቁር ቀለም እንደ ኩል ተኳኩሏል። ምንጣፉን ግለጥ ስትል ደላላው ክንድህን ይይዝሃል፤ «ተለጥፏል፣ ይቀደዳል» ይልሃል። ዘጠነኛው መኪና ላይ እምቢ ብዬ ገለጥኩት። ከሥሩ ያገኘሁት የተነጠፈ ካርቶን ነበር። ካርቶኑን አነሣሁ፤ የጀንፈል ገለባ። ገለባውን ጠረግኩ፤ ሣር። የግቢው ሣር። በወለሉ ቀዳዳ መሬቱን እያየሁት ነው። እዚያ ላይ ነበር ፍራሽ ዘርግቼ ልተኛ ያሰብኩት።

ሦስተኛው ዳገት ነው። ጅማ ላይ መኪና የሚፈተነው ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያስወጣው ዳገት ነው። ሲወጣ ሞተሩንና ፍሪሲዮኑን፣ ሲወርድ ፍሬኑን ትሰማዋለህ። ከአሥራ አንዱ መኪና ጅሬን የወጣልኝ ስንት ይመስላችኋል? ሁለት። አንዱ ሞተር፣ ሌሎቹ ናፍጣ አልነበራቸውም። የሚሸጥ መኪና ናፍጣው ሁልጊዜ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ነክቶ ለመመለስ ብቻ ነው የሚበቃው። «እኔ ልቅዳ» ስትል ደግሞ ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ይሆናል፣ ባለቤቱ ሶላት ይሄዳል፣ ወይም ሌላ ገዢ ከአጋሮ እየመጣ ነው ተብሎ ስልክ ይደወላል። ያ የአጋሮ ገዢ መቼም አይደርስም። በስድስት ወር አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም፤ የሁላችንንም ዋጋ ያስወደደብን እሱ ነው።

ኪሎ ሜትሩን አትመልከቱ። ፊት ለፊት 90 ሺህ ይላል፤ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል፣ የመሪው ቆዳ እንደ አሮጌ ገጀራ እጀታ ለስልሷል። ቁጥሩን ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ ፔዳሉን ግን ማንም አስታውሶ አይቀይርም።

«ታዲያ መካኒክ ይዘህ አትሄድም?» ትሉኛላችሁ። ይዤ ሄድኩ እንጂ። የቀን ሒሳቡን ከፍዬ፣ ምሳውን አብልቼ፣ ከሰቃ ድረስ ትራንስፖርቱን ችዬ። ሰባተኛዋን መኪና ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጣል አደረገና «ይቺ ንጹሕ ናት፤ ዓይንህን አትሽ» አለኝ። ልፈርም ስል ብዕሩ አልጽፍ አለኝና ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ መካኒኬ ከደላላው ጋር ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ብር ይቆጥራል። በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ይሉት ነበር እናቴ፤ ቢላዋዎቹን በዓይኔ ሳያቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ብዕሩን ለልጄ ሰጠሁት፤ እስከ ዛሬ ይጽፋል።

ከተናደድኩት በላይ ግን አሰብኩበት። ያ ሰው «አትግዛ» ቢለኝ ከእኔ የሚያገኘው የቀን ሒሳቡን ብቻ ነው፤ እሱንም ተከራክሬ ነው የከፈልኩት። «ግዛ» ቢለኝ ሻጩ ይሰጠዋል፣ ደላላው ይሰጠዋል፣ ነገ መኪናዋ ስትበላሽ እኔም እሰጠዋለሁ። አራት ሰው ቆመን ነበር እዚያ ግቢ ውስጥ፤ ሽያጩ ቢፈርስ የሚጠቀመው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዓይንን ቀጥሮ፣ ለዓይን በወጉ ከፍሎ፣ «አትግዛ ስላልከኝ አመሰግናለሁ» የሚል ገዢ እኔ ጅማ ላይ አላየሁም። እኔም ራሴ አላልኩም።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም፤ የታወቀ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን ማየት፣ የባንክ እገዳ መኖር አለመኖሩን መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ መጠየቅ፣ ሻጩ ራሱ ባለቤቱ ነው ወይስ የወኪል ወኪል ነው ብሎ ማጣራት። አንዷን መኪና በአራት ውክልና ተሻግራ አገኘኋት። የመጀመሪያው ባለቤት የት እንዳለ ስጠይቅ ወኪሎቹ ተያዩ።

እንግዲህ አሥራ አንደኛው። ዶልፊን፣ ፋይቭ ኤል፣ ነጭ። ጠዋት 1 ሰዓት ደረስኩ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ቀዝቃዛ። በረዶ። እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሐቀኛ ሰው! በዚያ ደስታ ማግኔቱንም ረሳሁት፣ ክዳኑንም ረሳሁት። ባለቤቱ ቁልፉን ሲያዞረው ግን ሞተሩ ትክ ብሎ ዝም አለ። ለካስ ቀዝቅዞ የጠበቀኝ በሐቅ አይደለም፤ ባትሪው ስለሞተ ነው። በጎረቤት ልጆች ተገፍቶ ተነሣ፤ ጭሱ ግን ደህና ነበር፤ ጅሬንም ወጣልኝ። ደክሞኝም ነበር። ገዛሁት።

የመኪና እሮሮ በመግዛት ያልቃል ያለው ማን ነው? ገና ሁለተኛ ወሬን ሳልይዝ የበለጤን ዳገት ስወጣ መኪናው ይፈላ ጀመር። ጋራዥ ገባሁ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር፤ ሲሄድ ዕቃውን ሰብስቦ ቃላቱን ለመካኒኮቻችን የተወላቸው ይመስለኛል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባልስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሜታ፣ ፓራፋንጎ። ባትላሜራውም ጎሚስታውም ስማቸው ከዚያው ነው። ቃላቱን አልጠላቸውም፤ ግን አንድ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፤ ቴስታታውም ሳይጣመም አይቀርም» ሲልህ፣ ሐኪም ዘመድ ጥሩ ያለህ ነው የሚመስልህ። ዋጋ መከራከር ይቅርና ድምፅህም አይወጣም።

ቴስታታው ወረደ። ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጨ። ጓርኒሲዮን ተገዛ፤ ያውም «ከዚያኛው ሱቅ ብቻ፣ የሌላው ፎርጅድ ነው» ተብዬ ነው የገዛሁት። ሱቁና ጋራዡ ወንድማማቾች መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ካርቶኑ ላይ «ጃፓን» ይላል፣ ተለጣፊው «ጄንዊን» ይላል፣ ባለ ሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደህና ታይዋን ነው» ይላል። መካኒኩ ይህን ሁሉ ሲሠራ ቴርሞስታቱንም አውጥቶ ጣለው። «ይሄ ለብርድ አገር ነው፤ እኛ ጋ አያስፈልግም» አለኝ። ይህን አባባል ያልሰማ ባለ መኪና ካለ እጁን ያውጣ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን አሳየኝ ስለው ልጆቹ ጥለውታል። አሮጌ ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ምንጊዜም ልጆቹ ጥለውታል። «ነገ ጠዋት ና» ብሎኝ ስድስተኛው ቀን ላይ ወጣልኝ። በሳምንቱ በለጤ ላይ እንደገና ፈላ።

ሁለተኛው ጋራዥ ራዲያተሩን አጠበ። ሦስተኛው የውሃ ፓምፑን ቀየረ፤ ሲቀይር ቀበቶውን ቆረጠብኝና ቀበቶውንም አስገዛኝ። መኪናው በሦስቱም እየተመረቀ ወጥቶ በሦስቱም ጊዜ ያቺው ኩርባ ላይ ሲደርስ እንፋሎቱን ይለቃል። የመንገድ ዳር ሕፃናት ስለለመዱኝ በጀሪካን ውሃ ይዘው ይጠብቁኝ ጀመር። ዋጋም ጨመሩ።

መካኒኮቹን እንዳልሰደብኳቸው ይታወቅልኝ። በክረምት ጭቃ ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ እያበራ፣ ሻንሲ ሥር የሚተኛውን ልጅ አይቻለሁ። ጋራዡ ውስጥ ደህና ክሪክ እንኳ የለም፤ ድንጋይ ነው የሚደግፉት። የቱ ኬዲን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ በትውስት ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ለዕቃው የተጠየቅነውን ሳናንገራግር እንከፍላለን፤ ለእጅ ሥራ ሲሆን «ሁለት ብሎን ለፈታህበት ነው?» እንላለን። በእጁ ካልተከፈለው ከዕቃው ይወስዳል። አንድ መካኒክ ፊት ለፊት እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ሳልፈታው ችግሩን ብነግርህ ትከፍለኝ ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ይፈታዋል።

መንግሥት አይመረምርም እንዴ ካላችሁ፣ ይመረምራል። በየዓመቱ ቦሎ አለ። በምርመራው ሰሞን ግን መንደሩ ውስጥ ደህና ጎማ፣ የእሳት ማጥፊያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከቤት ቤት ሲዞሩ ይሰነብታሉ። የጎረቤቴ እሳት ማጥፊያ ባለፈው ዓመት ስድስት መኪና አሳልፏል፤ ውስጡ ባዶ ነው። እንግሊዞች ኤም ኦ ቲ በሚሉት ዓመታዊ ምርመራቸው የእያንዳንዱን መኪና ውጤትና ኪሎ ሜትር ይመዘግባሉ፤ የታርጋ ቁጥሩን የያዘ ሰው ሁሉ ያለፉትን ዓመታት ውጤት በነፃ ማየት ይችላል። መኪናው አምና በምን እንደወደቀ ገዢው ቀድሞ ያውቃል። እኔ ስለ መኪናዬ ያለፈ ሕይወት የማውቀው፣ ወንበሩ ሥር ካገኘሁት የልጅ ጫማ አንድ እግርና ከወልቂጤ የሆቴል ደረሰኝ ነው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር።

ለአራተኛ ጊዜ ሲፈላብኝ አንድ የሰቃ ነጋዴ፣ አብሮ አደጌ፣ ከጎኔ ነበር። አየኝ፣ ዝም አለ፣ ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «የምወስድህ ቦታ አለ፤ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ወደ አንድ ግቢ ወሰደኝ። ማስታወቂያ የለው፣ በር ላይ ጎማ አልተሰቀለ። አንድ ሽማግሌ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከእንሰት ሥር ተቀምጠዋል። ሞተሩን አስነሡት አላሉም። እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጣን። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ፈትተው በአውራ ጣታቸው ስፕሪንጉን ጫን ጫን አደረጉት። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ እንደማለት፣ «ይሄ እኮ ሞቷል።»

ነገሩን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ጅማ ከባሕር በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መቶ እስኪደርስ አይጠብቅም። የራዲያተር ክዳን ሥራው ግፊቱን አፍኖ ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ነው። ስፕሪንጉ ከደከመ ዳገት ላይ ውሃው ቀድሞ ይፈላና ይተፋል። ቴስታታ ተልጦልኝ፣ ፓምፕ ተቀይሮልኝ፣ ቀበቶ ተገዝቶልኝ፣ ጥፋቱ የክዳን ነበር። አዲስ ክዳን አስገዝተው ቴርሞስታቱንም መለሱት፤ «ጠዋት ጠዋት ሰቃ ብርድ አገር አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሒሳብ ስጠይቃቸው የጠሩት ገንዘብ ለሦስቱ ጋራዦች ለቡና ብቻ ከሰጠሁት ያንሳል። ያን ቀን እንኳ ተከራከርኳቸው፤ ምላሴ ለምዶ።

አብሮ አደጌን ስንወጣ ያዝኩት። «እኚህን ሰው ስንት ዓመት ታውቃቸዋለህ?» «ስምንት።» ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ገበያ ውሎ፣ ስለ መካኒክ አብሮኝ አልቅሶ፣ «ሐቀኛ ጠፋ» እያለ አብሮኝ ምሏል! የማር ቀፎ እንዳገኘ ሰው ደብቆት ነበር። ስንቱ ነጋዴ እንዲሁ የየራሱን ሽማግሌ ደብቆ አብሮን እንደሚያማርር ማን ያውቃል?

ተቆጣሁት። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ወደ ቦንጋ ሲሄዱ ሰቃ ላይ ቆሙ። መኪናቸው ቫን ነው፤ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ጋን፣ መጋረጃ ሳይቀር አለው። ጀርመኖች ፎልክስዋገን ኮምቢ ላይ አልጋ መግጠም ከጀመሩ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸው የለ? ሰዎቹ እንደ እኔው ናቸው፤ ልዩነታችን እነሱ ብርድ ልብሱን አለመሸጣቸው ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮናቸው ይሸታል። በአስተርጓሚ ያነጋገሩኝ አንድ ነገር ነው፦ ሲገዙት «ንጹሕ ነው» ተብለው ነበር፤ ምንጣፉን ሲገልጡ ዝገት፤ የሚታመን መካኒክ የት ይገኛል? አዘንኩላቸው። ሻይ ጋበዝኳቸው። ከዚያ እጄን ዘርግቼ ወደ ጅማ ጠቆምኳቸው።

የሽማግሌው ግቢ ከቆምንበት ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም ነበር።

እናንተም ስማቸውን እንዳትጠይቁኝ። ባለፈው ወር ለአንድ ዘመዴ ብቻ፣ ያውም አስምዬ፣ ነግሬው ነበር። ዛሬ ዘይት ልቀይር ብሄድ ወረፋው አራት ቀን ሆኗል።